የሞኒተሪንግ ሰርቨሬ ዲስክ መሙላቱን አላቆመም፣ ሌሊት ደግሞ ዳታቤዙ ይሞታል

ገመድ_ፈቺ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቪኤምዌር ላይ ያለች አንዲት ቨርቹዋል ማሽን አለችኝ። ሥራዋ ኔትወርኩን መከታተል ብቻ ነው። ኡቡንቱ (ሊኑክስ)፣ ዛቢክስ (የሞኒተሪንግ ፕሮግራሙ)፣ ማይኤስኪውኤል 8 (ዳታቤዙ)፣ ኢንጂንኤክስ (ዌብ ሰርቨሩ)፣ ሁሉም እዚያችው ላይ ነው ያሉት። 4 ሲፒዩ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 100 ጊጋ ቲን ዲስክ (ሲጻፍበት ብቻ ቦታ የሚይዝ)። የምትከታተለው ባለ 48 ፖርት 40 ስዊቾችንና ጥቂት ራውተሮችን ነው። አይተሞቹ (የሚለካው እያንዳንዱ ነገር) 18,000 አካባቢ ናቸው። ሁሉም በየ1 ደቂቃው ይነበባሉ፣ ሂስትሪው (የተነበበው ሁሉ) ለ90 ቀን ይቀመጣል።

ዲስኩ ሲጀመር 60 ጊጋ ነበር። ሞላ። 80 አደረግኩት። ሞላ። 100 አደረግኩት። ይኸው አሁን 97 በመቶ ደርሷል። እንደገና ልጨምርለት ስል ደግሞ ቪስፌር (የቪኤምዌር ማስተዳደሪያ) ላይ የዲስኩ መጠን የሚጻፍበት ሳጥን ደብዝዞ አልነካ አለኝ።

የሞከርኩትን ልንገራችሁ። ሂስትሪውን ከ90 ቀን ወደ 14 ቀን አወረድኩት። ሃውስኪፐሩ (አሮጌ ዳታ የሚሰርዘው የዛቢክስ ክፍል) ሌሊቱን ሙሉ ሲሰርዝ አደረ፣ ዲስኩ ላይ ያለው ጫና ሰማይ ነካ፣ ጠዋት ዲኤፍ ብዬ ሳይ ግን አንድ ጊጋ እንኳ አልቀነሰም። ከዚያ ትልቁን ቴብል ኦፕቲማይዝ ላድርገው አልኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ዲስክ ሞልቷል ብሎ ቆመ። በንዴት የኢንጂንኤክስን ሎግ፣ ብቻውን 4 ጊጋ የነበረውን፣ በአርኤም አጠፋሁት። እሱም ምንም ለውጥ አላመጣም! ፋይሉ የለም፣ ቦታው ግን አሁንም ተይዟል። እብድ ልሆን ነው።

ራሙም ሌላ ራስ ምታት ነው። ፍሪ ስል 8 ጊጋው ውስጥ ነፃ የሚያሳየኝ 200 ሜጋ ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዳታቤዙ ሞቶ ተገኝቷል። ራም ልጨምር? ዲስክ ልጨምር? ወይስ እንደ አዲስ ልጫነው?

የሌሊት_ተረኛ፦

እንደ አዲስ አትጫነው። ከጫንከውም ከጥቂት ሳምንት በኋላ እዚሁ ትመለሳለህ ወንድሜ።

ቀላሉን ላስቀድም። ያጠፋኸው ሎግ አልጠፋም። ሊኑክስ ላይ አርኤም የሚያጠፋው ስሙን ነው። ኢንጂንኤክስ ፋይሉን ከፍቶ እስከያዘው ድረስ ቦታው አይለቀቅም፣ እንዲያውም እዚያው ላይ መጻፉን ይቀጥላል። ኤልኤስኦኤፍን በፕላስ ኤል 1 አሠራው፣ ተሰርዘው ግን ተይዘው ያሉትን ፋይሎች ከነባለቤታቸው ይዘረዝርልሃል። ኢንጂንኤክስን ሪስታርት ስታደርገው 4 ጊጋው ይመለሳል። ለወደፊቱ የሚሠራበትን ሎግ በአርኤም አታጥፋ፣ በትራንኬት ባዶ አድርገው። ከዚያ ሎግሮቴት በትክክል መዋቀሩን እይ። አንድ ሞኒተሪንግ ገጽ 4 ጊጋ ሎግ የሚያወጣው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስክሪን በየጥቂት ሰከንዱ ራሱን ስለሚያድስ ነው ብዬ እገምታለሁ። የኔም እንደዚያ ነበር።

ሁለተኛ፣ ዲኤፍ ስንት እንደተያዘ እንጂ ማን እንደያዘው አይነግርህም። ከሩት ጀምረህ በዲዩ (የፎልደር መጠን በሚያሳየው ትዕዛዝ) ውረድ፦ መጀመሪያ ቫር፣ ከዚያ ቫር ሊብ፣ ከዚያ ማይኤስኪውኤል። ማይኤስኪውኤል ፎልደር ውስጥ ስማቸው ቢንሎግ ብሎ የሚጀምር በቁጥር የተደረደሩ ፋይሎች ካሉ መጠናቸውን ደምረህ ንገረን። ማይኤስኪውኤል 8 ማንም ሳይጠይቀው ባይነሪ ሎግ (የዳታቤዝ ለውጦች መዝገብ) ይጽፋል፣ ለ30 ቀንም ያስቀምጣል። በእጅህ ግን እንዳትሰርዛቸው!

የ9 ሰዓቱን ሞት ደግሞ ጆርናልሲቲኤልን በሰረዝ ኬ ከፍተህ እየው። ከርነሉ ራሱ ገድሎት ከሆነ በግልጽ ጽፎታል።

ትልቅ_ዲስክ፦

ለምን ትጨናነቃለህ? 500 ጊጋ ስጠውና ተገላገል። ራሙንም 32 አድርገው። የአንድ ሰው ሙሉ ሳምንት ከዚያ በላይ ያወጣል።

ገመድ_ፈቺ፦

አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። በነገራችን ላይ ወንድም ሳልሆን እህት ነኝ፣ ግን ችግር የለውም።

ኢንጂንኤክስን ሪስታርት አደረግኩት፣ 4 ጊጋው ወዲያው ተመለሰ። ደስ አለኝ። ግድግዳው ላይ ያለውም ስክሪን እውነት ነው፣ በየ10 ሰከንዱ ነው የሚያድሰው። እንዴት አወቅክ?

ዲዩ ያወጣው ይሄ ነው። የዛቢክስ ዳታቤዝ 61 ጊጋ። ከዚያ ውስጥ ሂስትሪ ዩኢንት የሚባለው ቴብል ብቻውን 38 ጊጋ። ቢንሎጎቹ ተደምረው 22 ጊጋ ሆኑ። ቀሪው ሲስተሙና ጥቃቅን ሎግ ነው።

ከርነሉ ደግሞ ልክ 9 ሰዓት ላይ ‹‹አውት ኦፍ ሜሞሪ፣ ኪልድ ፕሮሰስ ማይኤስኪውኤልዲ›› ብሏል። ባፈር ፑሉን (ማይኤስኪውኤል ዳታ የሚሸጉጥበትን ራም) 6 ጊጋ አድርጌዋለሁ፣ ከራሙ 75 በመቶ ስጡት የሚል አንብቤ። ፖለሮቹንም (መሣሪያዎቹን የሚጠይቁትን የዛቢክስ ፕሮሰሶች) ከጥቂት ወደ 200 አሳድጌአቸዋለሁ፣ ዛቢክስ ፖለሮቹ ከ75 በመቶ በላይ ተጨናንቀዋል እያለ ሲያስቸግረኝ። ሳጥኑ ግን አሁንም እንደደበዘዘ ነው።

ሆስት_ጠባቂ፦

ሳጥኑ ከደበዘዘ ስናፕሾት (የማሽኗ የአንድ ቅጽበት መመለሻ ነጥብ) አለብሽ። ቪኤምዌር ላይ ስናፕሾት ያለውን ዲስክ ማሳደግ አይቻልም። ከማሻሻያ በፊት ‹‹ለማንኛውም›› ብላችሁ ወስዳችሁ የረሳችሁት ይኖራል፣ እይው።

ይሄ ከሳጥኑ በላይ ያሳስበኛል። ስናፕሾት ከተወሰደ በኋላ ሰርቨርሽ የሚጽፈው ነገር ሁሉ ወደ ዋናው ዲስክ አይሄድም፣ ለብቻው ወደተከፈተ የዴልታ ፋይል ነው የሚሄደው። ሞኒተሪንግ ሰርቨር ደግሞ ቀን ከሌት ከመጻፍ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ዴልታው ቀስ በቀስ የዋናውን ዲስክ ያህል ሊያድግ ይችላል። አንቺ በውስጥ ሆነሽ 100 ጊጋ ታያለሽ፣ ዳታስቶሩ (የቨርቹዋል ማሽኖቹ የጋራ ማከማቻ) ላይ ግን ወደ 200 እየተጠጋሽ ይሆናል። ዳታስቶሩ ከሞላ ችግሩ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ እዚያ ላይ ያሉ የሌሎች ማሽኖችም ይቆማሉ። ቪኤምዌር ራሱ አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ነው የሚለው።

ስታጠፊው ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛ፣ ዳታስቶሩ ላይ ትርፍ ቦታ መኖሩን አስቀድመሽ አረጋግጪ፣ ዴልታው ወደ ዋናው ዲስክ ሲዋሃድ ቲን የሆነው ዲስክ ሊያብጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሰርቨሩ ጭነት በሚቀንስበት ሰዓት አድርጊው፣ መጨረሻው ላይ ማሽኗ ለአፍታ ቀጥ ልትል ትችላለች። የዴልታ ፋይሉን ዳታስቶር ውስጥ ገብቶ በእጅ መሰረዝ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ያንን ያደረገ ሰው አውቃለሁ። ሌሊቱን ከባክአፕ ሲመልስ ነው ያነጋው።

ራሙንም በተመለከተ አንድ ነገር ፈትሺ። ሆስቱ (ማሽኖቹን የሚሸከመው ሰርቨር) ላይ ለማሽኖቹ ቃል የተገባው ራም ካለው በላይ ከሆነ፣ ሆስቱ በባሉን ድራይቨር አማካይነት ካንቺ ማሽን ራም መልሶ ይወስዳል። ከውስጥ ሲታይ ራሙ ተይዟል፣ ግን የፕሮሰሶቹን ብትደምሪ አይሞላም። ቪኤምዌር ቱልቦክስ ሲኤምዲ ስታት ባሉን ብለሽ ጠይቂው፣ በሜጋ ይነግርሻል። ከዜሮ በላይ ካለሽ ጥያቄሽን ይዘሽ ወደ ሆስቱ ሰዎች ሂጂ።

ሰንጠረዥ_ቆጣሪ፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን ማንም ሒሳቡን አልሠራም። እስኪ እንሥራው።

18,000 አይተም በየ60 ሰከንዱ ማለት በሰከንድ 300 ዋጋ (የተነበበ ውጤት) ነው። ዛቢክስ ለግምት የሚጠቀምበት ቁጥር ለአንድ ቁጥራዊ ዋጋ 90 ባይት ነው። 300 በ86,400 ሰከንድ በ90 ባይት ስታባዢው በቀን 2.3 ጊጋ ይወጣል። የ90 ቀኑ 210 ጊጋ። እና 60ም፣ 80ም፣ 100ም ይሞላ ነበር። መሣሪያዎቹን በአንድ ቀን ስላላስገባሻቸው ነው እስካሁን የቆየው። 14 ቀን ብታደርጊው እንኳ 33 ጊጋ አካባቢ ይይዛል። ሒሳቡ ገና ከመጀመሪያው አይገጥምም ነበር ማለት ነው።

ለትልቅ_ዲስክ፦ 500 ጊጋ ይበቃታል፣ እውነት ነው። ግን 210 ጊጋ ዳታቤዝ ባክአፕ መደረግ አለበት፣ ሃውስኪፐሩም በየሰዓቱ ከዚያ ውስጥ እየፈለገ መሰረዝ አለበት። ደግሞ ቨርቹዋል ዲስክን ማሳደግ ቀላል ነው፣ ማሳነስ ግን የለም። ኤክስኤፍኤስ ከሆነ ፋይል ሲስተሙ ራሱ አያንስም።

አሁን ለምን እንዳልቀነሰ። ኢንኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል የማከማቻ ሞተር) አንድ ረድፍ ሲሰረዝ ቦታውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይመልስም። ፋይሉ ውስጥ ‹‹ይሄ ባዶ ነው›› ብሎ ምልክት አድርጎ ለሚቀጥለው ረድፍ ያቆየዋል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ የሠራው ሃውስኪፐር በከንቱ አልደከመም፣ ከእንግዲህ ፋይሉ ለተወሰነ ጊዜ አያድግም። ግን አያንስምም። እንዲያንስ ቴብሉ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት፣ ኦፕቲማይዝ የሚያደርገው ያንን ነው። እንደ አዲስ ለመጻፍ ደግሞ አዲሱ ኮፒ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልጋል። በ97 በመቶ ዲስክ ላይ ይሄ አይሆንም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ቢንሎጉ። ሬፕሊካ (ሁለተኛ የዳታቤዝ ቅጂ) ከሌለሽና ከባክአፕ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ደቂቃ መመለስ ካላስፈለገሽ፣ ማይኤስኪውኤል ውስጥ ገብተሽ ፐርጅ ባይነሪ ሎግስ በያቸው። 22 ጊጋ በአንድ ትዕዛዝ ይመለሳል። ከዚያ የማቆያ ጊዜውን ከ30 ቀን ወደ 2 ወይም 3 ቀን አውርጂው፣ ወይም ጨርሰሽ ዝጊው።

ከዚያ ሂስትሪ ዩኢንት። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አሁን በተገኘው ቦታ ኦፕቲማይዝ ማድረግ፣ ግን ገና በሕይወት ያሉት ረድፎች 20 ጊጋ ቢሆኑ ጠርዝ ላይ ነሽ፣ እኔ አልደፍረውም። ሌላው፣ የዛቢክስ ሰርቨሩን አቁመሽ በቴብሉ አምሳል ባዶ ቴብል መፍጠር፣ ስማቸውን በሪኔም መለዋወጥ፣ አሮጌውን ድሮፕ ማድረግ። ድሮፕ ሲደረግ ፋይሉ ራሱ ስለሚጠፋ ቦታው ወዲያው ይመለሳል። የምታጪው የደቂቃ በደቂቃውን ሂስትሪ ነው። ትሬንዶቹ በሌላ ቴብል ስለሆኑ የየሰዓቱ ዝቅተኛ፣ አማካይና ከፍተኛ እንዳለ ይቀመጣል። እኔ ብሆን ይሄንኛውን ነው የምመርጠው። እውነት እንነጋገር፣ ከአምስት ሳምንት በፊት የነበረን ደቂቃ ተመልሶ ያየ ሰው አለ?

ስለ ራሙ ባጭሩ። ነፃ 200 ሜጋ ማለቱ ምንም ማለት አይደለም፣ ሊኑክስ ያልተያዘ ራም ሲያገኝ ፋይል ይሸጉጥበታል፣ ሲፈለግ ይለቃል። የምታዪው አቬይለብል የሚለውን ዓምድ ነው። ሞቱ ግን እውነተኛ ሞት ነው። ያነበብሽው 75 በመቶ የሚሠራው ማሽኑ ላይ ዳታቤዝ ብቻ ሲኖር ነው። አንቺ ጋ ዛቢክስም፣ ፒኤችፒም፣ ኢንጂንኤክስም አሉ። 200 ፖለር ደግሞ 200 ፕሮሰስ ነው፣ እያንዳንዱም የራሱን የዳታቤዝ ግንኙነት ይዞ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ሌሊት ባክአፕ ይነሳ ይሆናል፣ 9 ሰዓት ላይ ነው?

ገመድ_ፈቺ፦

አዎ፣ 9 ሰዓት ላይ ነው ባክአፑ የሚጀምረው። እንዴት አላሰብኩትም!

ስናፕሾቱ ተገኘ። ዕድሜው 23 ቀን። ዴልታው 71 ጊጋ። ስሙ ‹‹ጊዜያዊ›› ይላል። ማን እንደወሰደው ልጠይቅ ብዬ ነበር፣ ከዚያ ቀኑን ሳየው እኔው ነኝ።

ባሉኑም 1,400 ሜጋ አለኝ። ማለት 8 ጊጋ ብዬ የማስበው ማሽን 6.6 ጊጋ ላይ ነበር የሚኖረው፣ ከዚያ ውስጥ 6ቱን ለባፈር ፑል ሰጥቼዋለሁ። አሁን ሳስበው እስካሁን መኖሩ ነው የሚገርመው።

ሆስት_ጠባቂ፦

ራም ከመጨመርሽ በፊት ለዚህች ማሽን ሪዘርቬሽን (የማይነጠቅ ራም) እንዲያደርጉላት ጠይቂ። ሌላው ሲታመም የምታስጠነቅቅ ማሽን ራሟን መነጠቅ የለባትም። 16 ጊጋ ብለሽ ብታስጨምሪ ሆስቱ ከሌለው ቁጥሩ ያምራል እንጂ ባሉኑ ነው የሚያድገው። ሪዘርቭ የተደረገ 8 ከተስፋ 16 ይሻላል።

ትልቅ_ዲስክ፦

እሺ ስለ ራሙ ተረታሁ። ስለ ዲስኩ ግን አልተረታሁም። ሰው ሂስትሪ የሚያስቀምጠው ስለሚፈልገው ነው። 14 ቀን ብለህ ቆርጠህ ከወር በኋላ ‹‹ያኔ ማታ ሊንኩ ለምን ተቆረጠ›› ብለው ሲጠይቁህ የሰዓት አማካይ አያድንህም። 3 ደቂቃ የቆየ መቆራረጥ በሰዓት አማካይ ውስጥ ይሰምጣል።

ሰንጠረዥ_ቆጣሪ፦

ይሄ ትክክለኛ ክርክር ነው። ግን ያንን የሚመልሰው የመቆራረጡ ኢቨንት ነው፣ እሱ ደግሞ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ለዋና ሊንኮች 90 ቀን ይቀመጥ፣ አልቃወምም። ጥያቄው የ1,920 ፖርት ሁሉ ኤረር ቆጣሪ በየደቂቃው ለ90 ቀን ያስፈልጋል ወይ ነው። መጠኑን የሚወስነው ዲስኩ ሳይሆን የምትጠይቂው ጥያቄ ነው።

እስኪ ገመድ_ፈቺ፣ አንድ ስዊች ክፈቺና አይተሞቹን ቁጠሪልኝ። የተለመደው የኢንተርፌስ ቴምፕሌት ለአንድ ፖርት 9 አይተም ነው የሚፈጥረው፦ ገቢና ወጪ ትራፊክ፣ ገቢና ወጪ ኤረር፣ ገቢና ወጪ ዲስካርድ፣ ሁኔታ፣ ዓይነት፣ ፍጥነት። 48 በ9 ስታባዢ 432። በ40 ስዊች 17,280። 18,000ሽ ከሞላ ጎደል እሱ ነው። ከነዚያ ፖርቶች ስንቱ ላይ ገመድ ተሰክቷል?

የሌሊት_ተረኛ፦

ቆጣሪው ዋናው ነገር ላይ ጣቱን አሳረፈ። ፖለሮቹም የተጨናነቁት በዚያ ምክንያት ነው እንጂ ስላነሱ አይደለም። ማንም ለማይጠቀምበት ፖርት በየደቂቃው 9 ጥያቄ እየላክሽ፣ ከዚያ ጠያቂ አነሰኝ ትያለሽ። በዚያ ላይ የማይመልስ ወይም የሚዘገይ መሣሪያ ካለ ፖለሩ ታይምአውት እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል።

የፖርት ዓይነትና ፍጥነት በየደቂቃው የሚጠየቁበት ምክንያት የለም። በሰዓት አንዴ ይበቃል፣ እሱንም ካልተለወጠ እንዳይጻፍ ዲስካርድ አንቼንጅድ የሚለውን ፕሪፕሮሰሲንግ ከሃርትቢት (በየተወሰነ ጊዜ የግድ አንዴ የሚያጽፍ) ጋር ጨምሪበት። ይነበባል፣ ግን ዋጋው ያው ከሆነ ዳታቤዝ ውስጥ አይገባም።

ፓርቲሽን (ቴብሉን በቀን መከፋፈል) ሊመክሩሽ ይችላሉ። ጥሩ ነገር ነው፣ የቀኑን ፓርቲሽን ድሮፕ ስታደርጊ ሃውስኪፐሩ ሌሊት የሚያድርበት ሥራ በሰከንድ ያልቃል፣ ቦታውም ይመለሳል። ግን ፓርቲሽኖቹን በየቀኑ የሚፈጥር ስክሪፕት ትይዣለሽ፣ አንድ ቀን ያ ስክሪፕት ዝም ብሎ ይቆማል፣ የነገ ፓርቲሽን የለም፣ ዳታ መግባት ያቆማል። እኔ ተቃጥዬበታለሁ። መጀመሪያ ዳታውን ቀንሺ፣ ከዚያ ካስፈለገ ይታሰባል።

ሰንጠረዥ_ቆጣሪ፦

በፓርቲሽን አልስማማም፣ እኔ ጋ ዓመታት ሠርቷል። ግን ለዚህ መጠን አያስፈልግም፣ እዚህ ላይ ትክክል ነህ።

ገመድ_ፈቺ፦

ይቅርታ ጠፋሁ። ሦስት ሳምንት ሞላኝ፣ ላሳውቃችሁ።

ስናፕሾቱን ቅዳሜ ማታ አጠፋሁት። ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ መጨረሻ ላይ ማሽኗ ለጥቂት ሰከንድ ቆማ ቀጠለች። ሳጥኑ ደግሞ ወዲያው ተከፈተ። ግን ምንም አልጻፍኩበትም።

ቢንሎጉን ፐርጅ አደረግኩት፣ 22 ጊጋ እንዳላችሁት መጣ። ሂስትሪ ዩኢንትን በባዶ ቴብል ለወጥኩት። ድሮፕ የሚለውን ከመጫኔ በፊት እጄ ተንቀጥቅጧል፣ አልዋሽም። ባክአፑን ሦስት ጊዜ አይቼ ነው የነካሁት።

ፖርቶቹን ቆጠርኩ። ከ1,920 ውስጥ ሊንክ ያላቸው 800 ገደማ ናቸው። ከግማሽ በላይ ባዶ! ዲስከቨሪው (ፖርቶቹን ራሱ ፈልጎ የሚያስገባው የዛቢክስ ክፍል) ላይ ሊንክ የሌላቸውን የሚያስቀር ፊልተር አደረግኩ፣ የወጡትም ቶሎ እንዲነሱ የማቆያ ጊዜያቸውን አሳጠርኩ። አዲስ ገመድ ሲሰካ ዲስከቨሪው በሰዓት አንዴ ስለሚዞር ራሱ ያገኘዋል። የአክሰስ ስዊቾች ላይ ብቻ ነው ያደረግኩት። አፕሊንኮቹን (ስዊቾቹን ከዋናው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኙትን) ከፊልተሩ አውጥቻቸዋለሁ፣ አለበለዚያ የተቆረጠ ሊንክ ከዝርዝሩ ጠፍቶ ማንም ሳያውቅ ይቀር ነበር።

ትራፊክና ሁኔታ በ1 ደቂቃ፣ ኤረርና ዲስካርድ በ5 ደቂቃ፣ ዓይነትና ፍጥነት በሰዓት። አይተሞቹ ከ18,000 ወደ 7,900 ወረዱ። በሰከንድ የሚገባው ከ300 ወደ 63። የ14 ቀኑ ሂስትሪ በቆጣሪው ሒሳብ 7 ጊጋ ቢደርስ ነው። ትልቅ_ዲስክ ያለውንም አልጣልኩትም፣ ለአፕሊንኮቹና ለራውተሮቹ 90 ቀን ተውኩላቸው፣ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ምንም አይሰማም።

ባፈር ፑሉ 3 ጊጋ ሆነ፣ ፖለሮቹ 30። 30ውም አሁን ባብዛኛው ሥራ ፈት ናቸው። ባክአፑን ከሃውስኪፐሩ ሰዓት አራቅኩት። ሪዘርቬሽኑን ለማግኘት ሁለት ኢሜይልና አንድ ስብሰባ ፈጅቷል፣ ግን ባሉኑ ዜሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳታቤዙ አንድም ቀን አልሞተም።

አንድ የቀረኝ ነገር። ውስጥ ሆኜ ሳይ የያዝኩት ከግማሽ በታች ነው፣ ዳታስቶሩ ላይ ግን ዲስኬ አሁንም 100 ጊጋ ሙሉ ይላል።

ሆስት_ጠባቂ፦

ሆስቱ አንቺ የሰረዝሽውን አያውቅም። ለእሱ አንዴ የተጻፈበት ብሎክ እንደተጻፈ ነው። ፍስትሪም የሚባለው ትዕዛዝ ነው ‹‹እነዚህን አልፈልጋቸውም›› ብሎ የሚነግርልሽ። ኡቡንቱ በሳምንት አንዴ በታይመር ያሠራዋል፣ ታይመሩ ጠፍቶ እንደሆነ እይ። ታይመሩ ካለና ካልቀነሰ ግን የማሽኗ ቨርቹዋል ሃርድዌር ቨርዥን አሮጌ ሊሆን ይችላል፣ ትሪሙ አያልፍም።

የሌሊት_ተረኛ፦

እና አንድ ነገር ከመርሳትሽ በፊት። ሰርቨሯ ራሷ ላይ 80 በመቶ ሲሞላ የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ አታድርጊ። ዛቢክስ ታይምሌፍት የሚባል ፋንክሽን አለው፣ በዚህ አያያዝ ዲስኩ ለመሙላት ስንት ጊዜ ቀረው ብሎ ያሰላል። ‹‹ከ7 ቀን በታች ቀረ›› የሚለው መልእክት ሰኞ ጠዋት ነው የሚደርስሽ፣ ‹‹95 በመቶ›› የሚለው ግን ሌሊት 9 ሰዓት። ደግሞ ከሌላ ማሽን ላይ በየ5 ደቂቃው ‹‹አለሽ ወይ›› የሚላት አንዲት ትንሽ ስክሪፕት አስቀምጪ፣ ምክንያቱም እሷ ስትሞት ሞቻለሁ ብላ አትደውልም።

ገመድ_ፈቺ፦

ታይመሩ ጠፍቶ ነበር። ፍስትሪምን በእጄ አሠራሁት፣ ከ50 ጊጋ በላይ ትሪም ተደረገ አለ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሆስቱ ልጆች ደወሉ፣ ዳታስቶሩ በድንገት ባዶ ሆነ፣ የሰው ማሽን አጥፍተሽ ነው ወይ ብለው።